ሚስማሩ

ልጅ ልጄ ሚናሆ ጠራችኝ፥ የሠራችውን አውሬ እንዳይ፣
ያይዙ ወደብ ሲኒማ ቤት፥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ።
ወጣ ያ ግዙፍ ከባሕር፥ ማዕበሉን ለሁለት ሰንጥቆ፣
ደመናን እንደ መቀነት፥ ከወገቡ ላይ ታጥቆ።
ዚፕ የለው፣ ስፌት የለው፤ ማንም በሆዱ አይተነፍስ፣
እንዲህ ያለ ነገር በኛ ጊዜ፥ በሕልምም አይደርስ።

የእኔው አውሬ ላስቲክ ነበር፥ ጥርሱ ከእንጨት የተጠረበ፣
ዚፑ ከጀርባው የሚታይ፥ አንገቱ አንቆ የጠበበ።
ማታ ቦቲው ሲደፋ፥ ላቤ ጣሳ ይሞላል፤
ስሜን የጻፈው የለም፤ "አውሬ" ብቻ ይላል።

ከተማው ካርቶን ነበር። አናጢው ሃጊዋራ
ለየመስኮቱ መጋረጃ፥ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ፣
"ይቺን ቀስ ብለህ አፍርሳት፤ ሚስቴ እዚህ ውስጥ አለች"
ይለኝና ይስቅ ነበር።
እውነተኛዋ ከተማ፥ ከነሚስቱ ነዳለች።

የዛሬው አውሬ ድልድዩ ጋ፥ እርምጃውን ሰበረ፤
ግራ እግሩን እየጎተተ፥ አነከሰ፥ ተሻገረ።
ሚናሆ ወደ ጆሮዬ፦ "ከድሮው ነው የቀዳነው፤
ማንከሱ የአውሬው ሐዘን ነው፥ ብዙ ሌሊት ያጠናነው።"

ሐዘን አልነበረም። ሚስማር ነው።
ሃጊዋራ ካንዷ ጣሪያ፥ ሳያጠብቀው የተወው፣
ላስቲኩን አልፎ ተረከዜን፥ እስከ አጥንቴ የወጋው።
ካሜራው ይዞራል፤ ፊልም ውድ ነው፤
በምን አፌ ላስቁመው?

ልነግራት ከንፈሬን ከፍቼ፥ መልሼ ገጠምኩ።
ግራ እግሬን ከወንበሩ ሥር፥ በቀኙ ሸፈንኩ።
ስሟ ከአራት መቶ ስም መሐል፥ ሽው ሲል በጣቷ አሳየችኝ፤
ደረጃው ጋ ክንዴን ይዛ፥
"ቀስ ብለህ" አለችኝ።