የሰቃዩ ትከሻ

ሙሐረቅ ውስጥ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ በአንድ ጠባብ መንገድ
መጋረጃ ሰቃይ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መሰላል መውጣት፣ መሰላል መውረድ።
ሰቃይና ስቃይ በአንዲት ፊደል እግር ተለያይተው ኖሩ፤
ባለፈው ረመዳን፣ ቬልቬት እንደያዝኩ፣ ትከሻዬ ውስጥ ገብተው አብረው አደሩ።

ቀጭ አለ።
ጨርቁ ከእጄ አምልጦ ከወለሉ ዋለ።
እመቤቲቱ ሮጣ መጣች፣ ጎንበስ አለች፣
"ቆሸሸ እንዴ?" አለች።

ሐኪሙ ምስሉን መብራት ላይ ሰቅሎ (እሱም ሰቃይ ኖሯል)
"ጅማትህ" አለኝ፣ "እዚህ ጋ፣ የምስር ክክ ያህል፣ ከአጥንቱ ተነቅሏል።"
"ታዲያ ይሰፋ" አልኩት። ቅዳድ የእኔ ሙያ ነው፤
ያልሰፉት ይሰፋል፤ ይኼን የነገረኝ መርፌ ያስያዘኝ ሰው ነው።
እሱ በዐረብኛ ብዙ አወራ፤ እኔ ጋ ሲደርስ አጠረ፤
"ያልሰፉት ሁሉ አይሰፋም" ሆኖ ቀረ።

ወደ ሊሲ ላከኝ፤ የኬረላ ልጅ፣ ቁመቷ አጭር፣ እጇ ብረት፤
እንደ ኬላ ፈታሽ በረበረችኝ፣ ከዕድሜዬ ጀምራ እስከ ሌሊት።
ስኳር አለብህ? "ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ።" ሳቀች፤ ጣቴን ወጋች።
ሲጋራስ? "ከሸፊቅ ጋር፣ ከመሰላሉ ሥር።" ጻፈች።
በየትኛው ጎን ትተኛለህ? በታመመው፤ ሌላው ወገን ግድግዳ ነው።
ስንት ወር ዝም አልክ? ስድስት። ቀላል ሥራ ይሰጡሃል? እሱን አለቃዬ ነው የሚያውቀው።
መጨረሻ ላይ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ ዐይኔን እያየች፣
"ያለ ቢላ እድናለሁ ብለህ ታምናለህ?" አለች።

ይኼ ምን አገናኘው ከጅማት?
"ኢንሻላህ" አልኩ። "እሱስ አለ፤
የአንተን ንገረኝ፤ ለሱ ነው እዚህ ቦታ የተውሁለት።"

ቀይ ላስቲክ ሰጠችኝ። በቀን ሦስቴ ከበሩ እጀታ ጋር መጓተት፤
ጣትን እንደ ሸረሪት በግድግዳ ማውጣት፤
የደረሰበትን በስፌት ጠመኔ ማስመር።
የመጀመሪያዋ ከእምብርቴ ትንሽ ከፍ፤ ሰኞ፣ ሰው ሳያይ፣ ሲነጋጋ ነበር።

ሸፊቅም ታሞ ነበር፤ ቅዳዱ ከእኔ ያነሰ፤
"ካልቀደዱኝ አልድንም" ብሎ ገና ሳይጀምር ጨረሰ።
በላስቲኩ ሻንጣ አሰረ። ግን ፍርድ ነው ለእውነት፦
መቶ አርባ የሆቴል መስኮት ነበረበት፤ ማን ይሰጠዋል ዕረፍት?
እኔን ሙሳዒድ፣ አለቃዬ፣ ከመሰላል አወረደኝ፤
ሜትር አስይዞ ልኬት ላይ አዋለኝ፤ አዝኖ ይሁን ሰው አጥቶ አልነገረኝ።
አልጋ ለወጥኩ። ሲጋራ ተውኩ። ሁለቴ።

በአምስተኛው ወር ምስሉ ተደገመ። የምስሯ ክክ አለች፤
አልጠበበች፣ አልሰፋች፤ እንደነበረች።
እጄ ግን ከበሩ ጉበን በላይ ደርሷል።
"የትኛው ነው ያዳነኝ?" ሊሲን ጠየቅኋት።
"ሁሉም ትንሽ ትንሽ" አለች። ይኼ መልስ ለኔ ያንሳል።

ሌሊት ሌሊት አሁንም ይጠዘጥዘኛል፣
ዝናብ በሌለበት አገር ዝናብ ያሸተተ ይመስለኛል።

ሸፊቅ አገሩ ገብቷል። ከመስመሮቼ ጎን አንዲት የሱ መስመር አለች፤
አንድ ምሽት በግድ ያሰመርኩት፣ ከደረት ሳታልፍ የቀረች።
የቤቱ ባለቤት መጥቶ "ግድግዳው ቀለም ይቀባ" ይላል።
"ቆይ፣ ገና ነው" እላለሁ፣ እጄን እያሳየሁ፤
ስለ እኔ ክንድ የማወራ ይመስለዋል።