ከታች ያለው ቀዳዳ

የሳይማ ሐይቅ ከጠጠረ ወር ሊሞላው ነው፤
ከወረቀት ማድረቂያው የሚወጣው ትንፋሽ፣
ግማሹ እንፋሎት፣ ግማሹ አየር፣
ለማንም ሳይጠቅም ሽቅብ ይበተናል፤
ከተማው ከሥሩ በብርድ ይኮማተራል።

እኔ ሲርካ ነኝ፤ ሥራዬ ሳህን መደርደር።
ምግብ የማይቀርብበት፣ ከጥፍር የሳሳ ብረት፣
ፊቱ እንደ ዓሣ አጥንት የተሸነተረ፤
በወዲህ ገጹ የከተማው ውሃ፣
በወዲያ ገጹ እንፋሎት የሚያልፍበት።

ንጹሕ እንፋሎት ቢሆን ነገሩ አያደክምም፤
ቅዝቃዜውን ሲነካ ጤዛ ይሆናል፣
ሙቀቱን ያስረክባል፣ ይንጠባጠባል፣
የኋለኛው ይተካል፤ ጥያቄም የለም።
አየር ግን ውሃ መሆን አያውቅም።
ክፋት የለበትም፤ ከደጅ ይቀራል እንጂ፣
ጉዳዩ አልቆ ከመስኮቱ እንደማይነቃነቅ ባለጉዳይ፤
ከኋላ የመጣው በትከሻ እየተጋፋ
ብረቱ ጋ ሳይደርስ ጉልበቱ ጠፋ።

ሳህኑን በሐሳብ ሃያ ቦታ ቆረጥኩት፤
በየቁራጩ የጤዛውን ነጥብ አሰላሁ፦
ሰማንያ ሁለት። ሰባ አራት። ስልሳ አንድ።
እንፋሎቱ ሲሳሳ ቁጥሩ ይወርዳል፣
የብረቱ ስፋት ይጨምራል፣ ሂሳቡ ይከብዳል፤
የመጨረሻዋ ጠብታ ከሁሉም ውድ ናት።

ሠራነው። አቆምነው። በጥር ከፈትነው።
ከተስፋው ሙቀት ግማሹን ሰጠን።
ፓምፑን ፈተሽኩ። ቆሻሻ ፈለግሁ።
ሂሳቡን ሦስቴ ከለስኩት፣ ሦስቴም ልክ ሆነ፤
ልክ መሆኑ አናደደኝ።

ኡርሆ መጣ፣ በማድረቂያው ሠላሳ ዓመት ያረጀ፤
ጓንቱን አውልቆ በሳህኖቹ ጠርዝ
መዳፉን ከላይ ወደ ታች አስኬደ፣
ታችኛው ጥግ ሲደርስ ቆመ።
«እዚህ የተኛ አለ» አለኝ።

የአየር መውጫውን ከላይ ነበር ያደረግሁት፣
ሙቅ ነገር ሽቅብ ይሄዳል ብዬ፣ እንደ ማንም ሰው።
አየር ግን ከእንፋሎት ይከብዳል፤
አሥራ ስምንት ለሃያ ዘጠኝ፣
ተማሪ ሳለሁ በቃሌ የማውቀው!
ኡርሆ ቁጥሩን አልጠየቀኝም፤
«የኔም ሳውና ቀዳዳው ካግዳሚው ሥር ነው» ብሎ
ትንባሆውን ሊያጨስ ወጣ።

ማክሰኞ፣ ከጤዛው መውረጃ ጥቂት ከፍ አድርገን፣
አውራ ጣት የማታስገባ ቀዳዳ በሳን።
መጀመሪያ ፉጨት፣ ቀጥሎ ዝምታ፣
ከዚያ የውሃው መለኪያ ቀስ እያለ
ሽቅብ ይቆጥር ጀመር።
እልል ያለ የለም። መዝገብ ላይ ፈረምን።

ኡርሆ ጓንቱን ሲፈልግ ዋለ፤
ኪሱን በረበረ፣ ጋሪውን ገለበጠ፣ ልጆቹን ተቆጣ።
ማታ አገኘሁለት፤
ከታችኛው ጥግ፣ ከሳህኖቹ ጠርዝ ላይ፣
ትናንት በረሳው ቦታ።
ሞቋል።