እጅ ከፍንጅ

ራቬና ጭጋግ ናት፣ ረግረግ የከበባት፣
ጨው ያዘለ ውኃ ከሥር የሚልሳት።
አባቴ እዚህ መጣ መዶሻ አንግቦ፣
ግንብ ወርቅ ሊያለብስ፣ ጠጠር አሰባስቦ።

ያኔ ጎቶች ነግሠው በቋንቋቸው ቀደሱ፣
«ወልድ ከአብ ያንሳል» ብለው እያወደሱ።
አባቴ ሮማዊ፣ ሃይማኖቱ ሌላ፣
ልጆቹን ያበላል የመናፍቅ ባቄላ።

መኳንንቱን ሠራ በዓምዶች መካከል፣
አንዱን ከነካባው፣ አንዱን ከነአክሊል፣
እጃቸው ለምስጋና ወዲህ ተዘርግቶ፣
የመዳፋቸው ጫፍ ዓምዱን ትንሽ ነክቶ።
ለፊት ሰው አስቆመ። ለእጅ ግን አልከፈለ፤
ግራውን ሰሌዳ ላይ እንደ ዓሣ ዘርግቶ፣ በቀኙ እየሣለ፣
ትንሿን ጣት ሳይቀር፣ ያቺን የጎበጠች፣
ከአያቴ ወርዳ እኔም ላይ የበቀለች።

*

ገበያው ሙግት ነው። ዓሣ ሻጯ ሴቬራ
ሚዛኗን አንሥታ ከጉዲላ ጋራ፣
«ተካከሉ! እየው!» ትለዋለች ጮኻ፣
ዓሣዋ ላይ ረጭታ ሦስተኛ ውኃ።
እሱ አንዱን ወጭት በአውራ ጣቱ ጫነ፦
«ወላጅ ይቀድማል፤ ልጅ ኋላ ነው የሆነ።»
ሲመሽ ያ ሁሉ ዓሣ ሸተተ፣ ተደፋ፤
ከሁለቱም ወገን አንድም ድመት አልተከፋ።

«ባሕርይ፣ ባሕርይ» ሲሉ እኔ ትዝ የሚለኝ
ከሩቅ ባሕር ወጥቶ በከረጢት የመጣልኝ፣
ለቅዱሳን አክሊል አንድ አንድ የምተክለው።
እውነቱን ከሐሰት በጥርሴ ነው የምለየው፦
ሐሰቱ ያሟልጫል፣
እውነቱ ይሻክራል።

*

ራኒሎን አገባሁ፣ የጎት ልጅ፣ በእነሱ ውኃ የተጠመቀች።
የቁስጥንጥንያ ጦር ከተማዋን ሲይዝ ወደኛ ተቆጠረች፤
ቄሱ ግንባሯን በዘይት ቀባና «አሁን ዳንሽ» አላት።
ሌሊት፣ ትራሱ ላይ፣ ያ ዘይት ሲወርድባት፣
«ትናንት ስጸልይሳ ማን ነበር የሰማኝ?»
ብላ ጠየቀችኝ።
ጠጠር እንጂ መልስ መደርደር አልተማርኩ፤
ጀርባዬን ሰጥቻት፣ እንደተኛ ሰው ተነፈስኩ።

*

ከዚያ ትእዛዝ መጣ። ዲያቆን ኤውፕሎስ ነው፦
«እኒያን መናፍቃን ከግንቡ አውርዳቸው፤
መጋረጃ ሥራበት።» ወጣሁ በመሰላል።
አብ የተከለውን ወልድ ይነቅለዋል።
መሮው ሲያርፍባቸው ዓይን ቀድሞ ረገፈ፣
አፍንጫ፣ ጢም፣ ካባ፣ እንደ ገብስ ተራገፈ።
በባዶው ቦታ ላይ መጋረጃ ሰቀልኩ፣
ሦስት ወር፣ በብርዱ፣ ጣቴ ላይ እየተነፈስኩ።

እጁ ጋ ስደርስ ቆምኩ።
መኳንንቱ ሄደው እሱ ብቻ ቀርቷል፣
ትንሿ ጣት ጎብጣ ዓምዱ ላይ ተለጥፏል።
መሮ የጨበጠው ግራ እጄን አየሁት፣
ያንንም አየሁት።
የቱ ነው የሚቀድም? የቱ ነው የሚያንሰው?
እጄን የያዘው ማነው?

ኤውፕሎስ ከታች ሆኖ «ምን ቀረህ?» አለ። «ኖራ አልቋል» አልኩት፣
«ዓምዱን ከነካሁት ግንቡ ይናዳል» ብዬ ዋሸሁት።
ቀና ብሎ አላየም። ምእመኑም ከሥሩ ቆሞ
ወርቁን ነው የሚያየው፣ ሻማውን፣ የጎረቤቱን ጫማ፣ አጎንብሶ፣ ደክሞ።
አካል የሌለው እጅ በነጭ መጋረጃ
እጅ ከፍንጅ ተይዟል፤
እየባረከ ይሁን፣ እየሰረቀ፣ እንጃ።

በፋሲካ ዋዜማ ራኒሎ ብቻ አየች።
ቀና አለች፣ ቆየች፤
ከዚያ በጨለማው እጄን ፈልጋ
ያቺን ጣት ጨበጠች።