ርካሽ

ሽምብራዬን ሸጬ ከገበያ ስወጣ፣
ጠራኝ አንድ ሽታ ከሐይቁ ዳር የመጣ።
ከዓሳ ጠባሾቹ፣ ከጭማቂው ማዶ፣
ኢድሪስ የሚሉት ሰው ድስት ዘይት ጥዶ፣
ክብ ክብ ይጠብሳል፤ ላዩ ጠይም፣ ውስጡ አረንጓዴ።
አምስቱን ባንዴ
ዳቦ ውስጥ ሸጉጦ፣ ሰሊጥ አፍስሶበት፣
«ሠላሳ ብር» አለኝ። ሠላሳ!
ባጃጁ አርባ በተቀበለኝ ዕለት።

ነከስኩት፤ ቅርጭጭ አለ። ጣቴን ላስኩ ሳላፍር፣
ጀልባ ጠባቂዎች እያዩኝ ከዳር።
«ምንድን ነው?» አልኩት።
«ፈላፍል። ካርቱም ነው የለመድኩት።»
«ከምን?»
«ከሽምብራ፤ ከፎገራ ማሳ፣
ጧት በርካሽ ገዛሁት።»
ጉሮሮዬ መዋጥ ረሳ።

እኔው የዘራኋት፣ ነቅዬ የወቃኋት፣
በእሸት፣ በንፍሮ፣ በሽሮ የማውቃት፣
አረብኛ ለምዳ ዘይት ውስጥ አገኘኋት።

«ትጣፍጣለች» አልኩት።
«ርካሽም ናት» አለ ስቆ።
ኪሴ ግን ዝም አለ፣ ዋጋዋን አውቆ።