ከጎኗ ተመልከት

መብራት ሲጠፋ ነው፣ ፒያሳ ሲጨልም፣
ጦሳም እንደ ጥላ ከሰማይ ሲገጥም፣
መምህር ሙሄ ትከሻዬን ይዞ
ወደ ሰገነቱ የሚወጣው፣ ጋቢውን ጠምዝዞ።

«ከደማቋ ኮከብ ሁለት ጣት ወደ ግራ፤
ቢጫ ናት፣ የአተር ክክ የምታህል፣ ተራ።
አፍጥጠህ አትያት፣ ትሸሽሃለች፤
ከጎኗ ተመልከት፣
ያኔ ትመጣለች።»

እውነቱን ነው። ሳፈጥጥ ባዶ ነው ጨለማው፤
ዓይኔን ወደ ጦሳ ጫፍ ዘወር ሳደርገው
በጠርዙ በኩል ብቅ ትላለች፣
እንደ እንግዳ በር ላይ ታቅማማለች።

«ደካማ እንዳትላት» ይላል፣ «የፀሐይ እህት ናት፤
ትንሽ ቀዝቀዝ ብትልም ጉልበት አላነሳት፣
ርቀት ነው ያከሳት።
የዛሬው ብርሃኗ ከቤቱ ሲነሳ
እኔ ወይዘሮ ስኂን፣ ጠመኔ በኪሴ፣
ጎፈሬዬ ሳይሳሳ።»

እሱ አያያትም። ሞራ ጋርዶታል።
እኔ ነኝ ምስክር። «አለች?» ይለኛል።
«አለች» ስለው ብቻ ግንባሩ ይፈታል።

ትናንት ግን ጉም ከቦርከና ሽቅብ መጣ፣
ጦሳን ዋጠ፣ አንቴናውን ዋጠ፣ ከእጄ በላይ የሚታይ ታጣ።
«አለች?» አለኝ ሙሄ፣ አንገቱን ቀና አርጎ።
ከሩቅ አይሱዙ ያቃስታል፣
ሲወጣ ሐረጎ።

«አለች» አልኩት።
አልዋሸሁም። አርባ አራት ዓመት ተጉዛ፣
አንዲት ክንድ ሲቀራት፣
ቆማለች ከጣራችን በላይ፣ ጉሙን ተመርኩዛ።

ሙሄ ፈገግ አለ መሰለኝ።
ፊቱን በቀጥታ ማየት ግን ከበደኝ፤
ወደ ጦሳ ዞሬ
ከጎኑ አየሁት።