አራተኛው ጥርስ

አቶቴ አደባባይ፣ ከጎማ ቤቱ ጎን፣
ባጢሶ ተንበርክኮ ፈተሸው ሞላውን።
«አምስት ጥርስ አለው፤ ልብ በል» አለኝ፣
«ለብቻህ ስትነዳ ሁለት ላይ አርግልኝ።
ሰው ከኋላህ ካለ አራት ላይ አጥብቀው፣
ሸክም የሚችለው ሞላ ሲጠብቅ ነው።
ላልቶ ሰው ከጫንክበት መሬት ይልሳል፣
ጠብቆ ብቻህን ከሆንክ ወገብ ይነክሳል።
ስንት ኪሎ ናት ግን የምታሳፍራት?»
ሳቅሁ። ሚስት ኩንታል ናት፣ ሚዛን የሚያወጧት?
«ስሟ ብዙነሽ ነው፤ ከዚያ ተነስተህ ገምት።»

በዚህ ሥርዓት ሆነን ሰባት ክረምት ሄደ፤
ቀለበቱ ማታ ወጣ፣ ጠዋት ወረደ።
ቀን ብቻዬን ነኝ፤ ከጥቁር ውሃ ዳቶ
የሰው ዕቃ ማድረስ፣ ጥርሱ ሁለት ገብቶ።
ማታ ፓርኩ በር ላይ፣ ሽፍቷ እስኪያበቃ፣
መፍቻ ከኮርቻ ሥር፤ አንዴ ቀጭ፣ አንዴ ቋ።
ዘበኛው ላምቤቦ ከሩቅ ይጮሃል፦
«ሰዓቱ አራት ሞላ!»
«ሞላዬም አራት ነው!»
ይህ ቀልድ አላረጀም።

ትወጣለች። ፀጉሯ ላይ ብጣሽ ነጭ ክር።
ትቀመጣለች፤ ሞላው እፎይ ይላል፣
ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ይወርዳል።
ሁለት ጣት። ስንቴ ለክቼዋለሁ።

በዚህ ነሐሴ ግን፣ መናኸሪያው ጋ ስንደርስ፣
ብሬከሩን ስወጣ ዘለለ እንደ ፈረስ።
«ሞላው ደርቋል» ብዬ ባጢሶ ጋ ሄድኩኝ፣
«ቀይረው» አልኩኝ።
ወጣበት፤ ልጁንም ከኋላ አስቀመጠ፤
ጎንበስ ብሎ ለካ፣ ከንፈሩን መጠጠ።
«ሞላውስ ሙሉ ነው።
የጎደለው ሌላ።»

ያን ሌሊት አልተኛሁ። በጨለማ ቆጠርኩ፦
ምሳ ዕቃዋ ከብዶ ይመለሳል ለካ፣
«በልቻለሁ» ትላለች ድስቱን ሳትነካ፣
ቀሚሷን ከጎኗ መርፌ ቁልፍ ይዞታል፣
የጣቷ ቀለበት፣ በውስጥ በኩል፣
ነጭ ክር ተጠምጥሞበታል፤
እንዳይወልቅ።
እኔ ቀለበት ሳጠብቅ፣ ሳላላ ስኖር፣
የሷን ማን ነው ያየው? ሞላ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ማታ፣ ላምቤቦ ሳያየኝ፣
ሦስት ላይ አወረድኩት። እጄ አልታዘዘኝ፤
ከሰባት ዓመት ድምፅ ያቺ አንዷ ጮኸችብኝ።

ወጣች። ተቀመጠች። ሁለት ጣት ወረደ።
ብሬከሩ መጣ፤ እንደ ጀልባ ሄደ።
«መንገዱን ሠሩት እንዴ?» አለች በጆሮዬ።
«ሠሩት» አልኩ።
ግራ እጄን ከመሪው ለቅቄ
እጇን ዳበስኩ፣ ወገቤ ላይ፣
ጣቴ ክሩን እስኪያገኘው።

ወደ ቤት የሚያስገባውን መታጠፊያ አለፍኩት።
የሪፈራል መብራት ከፊታችን በርቷል።
«ወዴት ነው?» አላለችም።