ማስረጃ ቁጥር አሥራ አራት

ሥራዬ መጻፍ ነው፤ ከሰው አፍ ሲወድቅ ቃል፣
መሬት ሳይነካ ጣቴ ይለቅመዋል።
አይጨምር፣ አይቀንስ፣ አይፈርድ በግምት፤
ሃያ ሁለት ዓመት፣ አላባማ፣ በአውራጃው ፍርድ ቤት፣
ከዳኛው ወንበር ሥር፣ ከምስክሩ ፊት።
ሰው ሲያለቅስ፣ ማሽኔ ለእንባ ፊደል የለውም፤
«ምስክሯ ዝም አለች» እላለሁ እንጂ ሌላ አላውቅም።

ያን ማክሰኞ ክርክሩ የመሬት ነበር።
ጥዱን መንጥሮ፣ ወንዙን ተጠግቶ ጠጠር ሊቆፍር
የመጣ ኩባንያ፣ ካርታውን ዘርግቶ፣
«ባዶ ነው» አለ፣ በጠበቃው አፍ ገብቶ፤
«መቃብር የለበትም። መዝገቡም ይታይ፣
አንድ ስም አይገኝም ከታች እስከ ላይ።»

እውነቱን ነው፤ የለም።
ያን ዘመን በዚያ መዝገብ የፈሰሰው ቀለም
የጥቁር ሬሳ ቆጥሮ አያውቅም።
በቅሎዋን ግን ቆጥሯል፤ ከነልጓሟ፣
ከነጥርሷ ዕድሜ፣ ከነስሟ።

ኦሶላ ትሬድዌል ተጠራች።
ሰማንያ ሰባት ዓመቷ፤ የልጅ ልጇ በክርኗ ደግፎ አመጣት፤
በብብቷ የተጠቀለለ ነገር ነበር፣ ማንም አልጠየቃት።
ማለች። ተቀመጠች። መልሳ ተነሣች።
«ይሄ ወንበር ላይ አይነገርም፣ ወለል ይፈልጋል» አለች፤
ዘረጋችው።

የድሪቶ ብርድ ልብስ።
ቁራጭ ከቁራጭ ተጋጥሞ፣ ስፌቱ የሩዝ ፍሬ የሚያክል፣
ከዳኛው ጠረጴዛ እስከ በሩ ሊደርስ ጥቂት የቀረው።

«ይሄ ሰማያዊ የሊዛንደር ቱታ ነው፣ ጉልበቱ ያለቀ።
እግሩ ወደ ወንዙ ነው፤ እንዲህ ነው የተኛው።
ይሄ የሜልቪና ቀሚስ፣ ከእሑድ በቀር ቀን ያላየ።
ይሄ የዱቄት ጆንያ የሕፃን ነው፤ ስም ሳይደርስለት ሄደ።
ከትልቁ ጥድ ሰባት እርምጃ፤
እናቴ በእግሯ ቆጥራ ነው የሰፋችው።
ቀዩ ክር መንገዱ ነው። ጥቁሩ አጥሩ።
መሐል ላይ ያለውን ባዶ አትርገጡት፤
እሱ የኔ ነው።»

ጠበቃው ፈገግ አለ፦ «ክቡር ዳኛ፣ ጨርቅ አይመሰክርም።»
ማሽኔም ጻፈ፦ ጨርቅ አይመሰክርም።

ኦሶላ ዘወር ብላ አየችው፤ ከአንገትጌው እስከ ጫማው፣
እንደ ልብስ ሰፊ፣ ልኩን እንደምትለካው፦
«ልጄ፣ ያንተም እኮ ወረቀት ነው።
ወረቀትም ድሮ ጨርቅ ነበር፤
ማን ቀደደው፣ ማን ሰፋው ነው እንጂ ነገሩ።»

ችሎቱ ሳቀ። «ሳቅ» ብዬ ጽፌ ጣቴ ቆመ፤
የኩባንያው ቀያሽ፣ ወጣት ልጅ ነው፣ ፀጉሩ ቀይ፣
ማንም ሳይጠራው ከወንበሩ ተነሥቶ
ወለሉ ላይ ተንበረከከ።
የራሱን ካርታ ከድሪቶው ጎን አኖረ፤
ጣቱን በቀዩ ክር ላይ ሰደደ፤ ሄደ፣ ሄደ፣
ወንዙ ጋ ሲደርስ ከካርታው ጋር ገጠመበት።
አንገቱ ቀላ።
ምንም አላለም።
ምንም ያላለን ሰው እንዴት አድርጌ ልጻፈው?

ዳኛው ለአሥራ አምስት ቀን ቀጠሩ።
ድሪቶው ቁጥር ተለጠፈበት፣ ማስረጃ አሥራ አራት፣
ከአንድ ዝገታም ሽጉጥና ከተሰበረ ጠርሙስ ጋር
በብረት ቁም ሣጥን ተቆለፈበት።
ኦሶላ ከበሩ ተመለሰች፦
«ፍርዱ ይቆይ፤ ስጠብቅ ነው ያረጀሁት።
ብርድ ልብሴን ግን ስጡኝ፣ ሌሊቱ ይበርዳል።»
ይህንንም ጻፍኩት።

ማታ ቤቴ ገባሁ፤ መብራት አላበራሁም።
የአባቴን ሸሚዝ ከሣጥን አወጣሁ፤
ከመጋዝ ፋብሪካው በመጣበት ቀን የለበሰውን፣
አንድ ቁልፍ የጎደለውን።
የት እንደተኛ አውቃለሁ፤ የትም አልጻፍኩትም።
የዚህን ሁሉ ሰው ቃል የለቀሙ ጣቶች
መርፌ አያውቁም ለካ፤ ሦስቴ ወጉኝ።
ክሩ እምቢ አለ።
ጫፉን በምራቄ አርሼ፣ በመስኮቱ ብርሃን፣ እንደገና።